ስለ አሮጌው በልጅግ ቃታ

በቤታችን አንድ በልጅግ ጠመንጃ አለ። ቅድመ አያታችን በ1928 ዓ.ም. ወደ ማይጨው ሲዘምት ይዞት ነበር ይባላል፤ ከእርሱ ለአያታችን፣ ከአያታችን ለአባታችን፣ ከአባታችን ደግሞ ለእኛ ደረሰ። በጎኑ ላይ የሄርስታልን ከተማ ስም የያዘ የፈረንጅ ጽሕፈት ተቀርጾበታል፤ የሰደፉም እንጨት በአራት ትውልድ የእጅ ወዝ ጠቁሮ ያብረቀርቃል። በ2012 ዓ.ም. በወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር ዐዋጅ ቁጥር 1177 መሠረት ልናስመዘግበው በወሰድነው ጊዜ፣ መዝጋቢው አገላብጦ ካየው በኋላ «ይኸ ደግሞ ይተኩሳል?» ሲል ጠየቀን። እንደሚተኩስ ነገርነው። እንደማይመታ ግን አልነገርነውም።

ልንጽፍ የተነሣነው ስለዚሁ ሳንናገር ስላለፍነው ነገር ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የዒላማ ሜዳ አስፈቅደን አምስት ጥይት ይዘን ወጣን። ርቀቱ አንድ መቶ ሜትር፣ ዒላማው በጆንያ ላይ የተለጠፈ ነጭ ወረቀት ነበር። ከአምስቱ ጥይቶች ሁለቱ ወረቀቱን ሳይነኩ አለፉ፤ የቀሩት ሦስቱም እርስ በርሳቸው የተጣሉ ይመስል ተራርቀው ወደ ላይ ተበታተኑ። ከእኛ ጋር የመጡት ዘመዶቻችን አንገታቸውን ደፉ። የአያታችን ስም በዚያ አገር በአልሞ ተኳሽነት ይነሣ ስለ ነበር፣ ዝምታቸው ከስድብ ይልቅ ከበደን።

እኛ የቢሮ ሰዎች፣ አንባቢ እንደሚያውቀው፣ አንድ ጉዳይ ሲበላሽ ፋይሉን «ለሚመለከተው ክፍል» መምራት እንወዳለን። ያን ዕለትም ጥፋቱን ወደ ቃታው መራነው። እውነትም ለመክሰስ የሚመች ቃታ ነበር። ጣት ሲያርፍበት በመጀመሪያ ያለ ብዙ ተቃውሞ ረዘም አድርጎ ይመጣል፤ ከዚያም ግድግዳ እንደ ነካ ሰው ድንገት ይቆማል፤ ከዚያ በኋላ የሚቀረው እየከበደና እየተንገራገጨ ይሄዳል። መቼ እንደሚተኩስ አይታወቅም። «ይኸ ቃታ ቢለሰልስልን ኖሮ» እያልን ወደ ቤታችን ተመለስን።

በከተማችን ብረታ ብረት የሚበጅ አንድ ሰው ነበር። በሥራ ፈቃዱ ውስጥ ጠመንጃ መጠገን መኖር አለመኖሩን አልጠየቅነውም፤ ይህም ከጥፋታችን የመጀመሪያው ነው። «ቃታውን አለስልስልን» አልነው፤ እርሱም ከቃታው በላይ ያለውን ትንሽ ጥርስ በሞረድ ሞርዶ ባንድ ከሰዓት በኋላ አደረሰልን። ባዶውን ስንሞክረው ቃታው ቅቤ ውስጥ የገባ ቢላዋ ያህል ለስልሷል። ደስታችን ታላቅ ስለ ነበር ከተስማማንበት ዋጋ በላይ ከፈልነው።

በሚከተለው ቅዳሜ ወደዚያው ሜዳ ወጣን። አሥራ አራት ዓመት የሆነው የእኅታችን ልጅ «ጋሼ፣ እኔም ልይ» ብሎ ተከትሎን ስለ ነበር በቀኛችን ፈንጠር ብሎ ቆመ። ጥይቱን አጉርሰን መዝጊያውን ወደ ፊት ገፍተን እጀታውን ዝቅ እንዳደረግን፣ ጣታችን ገና ከቃታው ዘብ ውጭ ሳለ፣ ጠመንጃው ጮኸ። አፈሙዙ ወደ ዒላማው አልነበረም፤ ወደ ምድር ዘንበል ብሎ ነበር፣ እውነቱን ለመናገር ወደ ልጁ በኩል። ጥይቱ ከእግሩ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት መሬቱን ፈነቀለው፤ የተስፈነጠረው ድንጋይ ቁርጭምጭሚቱን ሰነጠቀው። ልጁ አልጮኸም። ደሙን እያየ ቁጭ አለ፤ እኛም ጠመንጃውን ጥለን አጠገቡ ተንበረከክን።

ቁስሉ በሁለት ሳምንት ዳነ። እኅታችን ግን ለብዙ ጊዜ ቡና ስታፈላ አልጠራችንም። ልጁም፣ ቀድሞ ከእጃችን የማይለይ የነበረው፣ ጠመንጃው ካለበት ክፍል ፈጽሞ አይገባም ነበር።

ነገሩን የሰሙ አንድ ጎረቤታችን ነበሩ፤ በቀድሞው የምድር ጦር ያገለገሉ፣ በወጣትነታቸው ጋራንድ በሚባለው የአሜሪካ ጠመንጃ የሠለጠኑ፣ ዕድሜያቸው ወደ ሰማንያ የተጠጋ ጡረተኛ ሃምሳ አለቃ። ሊወቅሱን የመጡ መስሎን ነበር። እርሳቸው ግን ከተቀመጡ በኋላ የተሞረደውን ጥርስ አስወጥተው በመስኮቱ ብርሃን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱትና «ይኸን የሞረደው ሰው ጣትህን ቢሞርድልህ ይሻል ነበር፣ ልጄ» አሉን።

ቀጥሎም የቃታውን አሠራር በወረቀት ላይ እየሣሉ አስረዱን። ትምህርቱ ከዚህ በፊት ማንም ያልነገረን ስለ ሆነ እንደ ገባን መጠን እንጽፈዋለን። ጥይቱን የሚያቀጣጥለው መርፌ ከኋላው ጅራት አለው። መዝጊያው ሲዘጋ ይህ ጅራት ከቃታው ጋር በተያያዘው ጥርስ ላይ ተደግፎ፣ የተጨመቀውን ጠንካራ ሞላ እንደ ተሸከመ ይቆማል። ጥርሱ ዝቅ ሲል ጅራቱ ያመልጣል፤ መርፌውም ወደ ፊት ተወርውሮ የቀለሃውን ግርጌ ይመታል። እንግዲህ ጥርሱና ጅራቱ የተነካከሱበት መጠን ጥልቅ ከሆነ ጠመንጃው ቢወድቅ፣ ሰደፉ ከድንጋይ ቢላተም፣ መዝጊያው በችኮላ ቢዘጋ አይተኩስም። ጥልቅ ንክሻ ግን ረጅምና ከባድ መሳብን ይጠይቃል። ረጅምና ከባድ መሳብ ደግሞ ዒላማን ያናጋል። ለወታደር ደኅንነት ይሻላል ወይስ ማነጣጠር?

የማውዘር ቃታ ለዚህ ጥያቄ የሰጠው መልስ እጅግ የሚያስደንቅ ነው። በቃታው ራስ ላይ ሁለት ጉብታዎች አሉ። ጣት መሳብ ሲጀምር የመጀመሪያው ጉብታ ከላይ ካለው ብረት ጋር ተደግፎ ጥርሱን ረዘም አድርጎ በቀላሉ ዝቅ ያደርገዋል፤ በዚህ ጉዞ አብዛኛው ንክሻ ይላቀቃል። ከዚያ ሁለተኛው ጉብታ ይተካና መሳቡ ይከብዳል፤ ነገር ግን በዚህ ጊዜ የቀረው ንክሻ እጅግ ጥቂት ስለ ሆነ መንገዱ አጭር ነው። እኛ «ልል ነው» ያልነው የመጀመሪያው ጉዞ ወታደሩን የሚጠብቀው ክፍል ነበር። «ግድግዳ ነው» ያልነው መቆሚያ ደግሞ ለተኳሹ «አሁን ተዘጋጅተሃል፤ የቀረው ጥቂት ነው» ብሎ የሚነግረው ምልክት ነው። ባለ ሞረዱ ሰው ንክሻውን አሳጥሮ ምልክቱንም ጠባቂውንም አብሮ ወሰዳቸው። ከዚህም ሌላ እንዲህ ያለ ጥርስ በእሳት የሚጠነክረው ከላይኛው ስስ ቆዳው ብቻ ስለ ሆነ፣ ያ ቆዳ ሲገፈፍ ከሥሩ የሚወጣው ለስላሳ ብረት በየተኩሱ እየተበላ ይሄዳል። ዛሬ የሚይዝ መስሎ ነገ ይለቃል።

ይህ ሥራ የእኛ በልጅግ ብቻ አይደለም። ፋብሪክ ናሲዮናል የተባለው የሄርስታል ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1889 ሲቋቋም ዓላማው ለቤልጅግ ጦር የማውዘር ጠመንጃ ለመሥራት ነበር፤ ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ ጀርመን እ.ኤ.አ. በ1898 የተቀበለችውን የማውዘር አሠራር ይዞ ለብዙ አገሮች መሣሪያ አቀረበ። ወደ አገራችንም የገባው በዚሁ መንገድ ነው። ከዚያ በፊት አባቶቻችን በአብዛኛው የያዙት እ.ኤ.አ. በ1874 የወጣውን የፈረንሳይ ፊዚ ግራ፣ እነርሱ ውጅግራ ያሉትን ነበር። ውጅግራ በአንድ ጊዜ አንድ ጥይት ብቻ ይጎርሳል። ጥይቱም ውድ ከመሆኑ የተነሣ በየገበያው እንደ ገንዘብ ዕቃ ይለወጥበት ነበር። ዕቃ የሚገዛበትን ነገር ወደ ሰማይ የሚተኩስ ሰው ከየት ይገኛል? በ1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ ከተሰለፉት ብዙዎቹ ቃታን የተማሩት በዚህ ቁጠባ ሳይሆን አይቀርም ብለን እናምናለን። እኛ ግን ጥይቱን ከመቁጠር ይልቅ ብረቱን መሞረድ መረጥን።

ይህን ስንል የአሮጌ ጠመንጃ ቃታ ከቶ አይሻሻልም ማለታችን አይደለም። የፊንላንድ ሰዎች ያደረጉት ጥሩ አስረጂ ነው። ከመስኮብ በወረሱት ሞሲን ናጋን ጠመንጃ ላይ ቃታው በባዶ የሚጓዘው መንገድ እጅግ ረጅም መሆኑን አይተው፣ ኤም 28-30 ብለው በጠሩት ዓይነት ላይ አንድ ትንሽ ጥምዝ ሞላ ጨምረው ያን መንገድ አሳጠሩት፤ ማነጣጠሪያውንም በአዲስ ለወጡት፤ ጥይቱ በካዝናው ውስጥ እንዳይነካከስም አስተካከሉት። ሲሞ ሃይሃ የተባለው ገበሬ እ.ኤ.አ. ከ1939 እስከ 1940 በተደረገው የክረምት ጦርነት ከአምስት መቶ የሚበልጡ ጠላቶችን የገደለው በዚህ ዓይነት ጠመንጃ፣ ያለ መነጽር፣ በብረት ማነጣጠሪያ ብቻ እንደ ሆነ ይነገርለታል። የገደለውን ቁጥር ለማድነቅ አላነሣነውም። ልናሳይ የፈለግነው ፊንላንዳውያን መለኪያ ይዘው፣ በመሣሪያ ግምጃ ቤት ውስጥ፣ ከጎደለው ላይ ጨመሩ እንጂ ከሚጠብቀው ላይ እንዳልቀነሱ ነው።

ሃምሳ አለቃ የተሞረደውን ጥርስ ወዲያው እንድንጥል አዘዙን። ፈቃድ ያለው ጠጋኝ ሰደፉ ከተሰበረ ሌላ በልጅግ ያልተነካ ጥርስ አውጥቶ ተካልን። ከዚያም ጠመንጃው ባዶ መሆኑን በዐይንም በጣትም አረጋግጠን፣ መዝጊያውን አሥር ጊዜ በኀይል ዘጋነው፤ ሰደፉንም በወፍራም ጨርቅ በተሸፈነ መሬት ላይ ደጋግመን መታነው። ጅራቱ አንድም ጊዜ አላመለጠም። ቃታውም እንደ ቀድሞው ከበደ።

እንደ ቀድሞው ግን አልተንገራገጨም። ምክንያቱ ቀላል ነበር፤ ለማወቅም ምንም ጥበብ አላስፈለገም። አባታችንና አያታችን ለስንት ዓመት የቀቡት ቅባት በቃታው ዘንግና በጥርሱ ሞላ ላይ ተጋግሮ እንደ ሙጫ ደርቆ ኖሯል። ጠጋኙ በነጭ ጋዝ አጥቦ በቀጭን ዘይት ሲያረጥበው ያ መንገራገጭ ጠፋ። በሞረድ የፈለግነው ልስላሴ እኩሌታው በአንድ ስኒ ነጭ ጋዝ የሚገኝ ነበር።

የቀሩት ጉድለቶችም አንድ በአንድ ወጡ። እንጨቱን ከብረቱ ጋር ከሚያያይዙት ሁለት ታላላቅ ብሎኖች የፊተኛው ላልቶ ነበር፤ እንጨት በበጋ ደርቆ ስለሚኮማተር ይህ የማንኛውም አሮጌ ጠመንጃ በሽታ ነው፤ ብረቱ በእንጨቱ ውስጥ እየተንቀሳቀሰ በየተኩሱ በሌላ ቦታ ያርፋል። የአፈሙዙ ከንፈር ደግሞ፣ ቀድሞ ከፊት በኩል በብረት ዘንግ ይወለወል ስለ ነበር፣ በአንድ ወገኑ ትንሽ ተበልቷል። ይህን ዛሬም አላዳንነውም፤ ነገር ግን ከዚያ ወዲህ መዝጊያውን አውጥተን ከኋላ በኩል እንወለውላለን። የድሮ ጥይት የተኮሰ ሰው ደግሞ በዘይት ብቻ መወልወል አይበቃውም፤ አሮጌው ማቀጣጠያ የሚተወው ጨው በዘይት አይሟሟምና እርጥበት እየሳበ ብረቱን ያዝገዋል፤ ስለዚህ አስቀድሞ የፈላ ውሃ ማሳለፍ፣ አድርቆም ዘይት መቀባት ይገባል። እርሳቸው ይህን ከማንኛውም ሰው ዓይን እንደ ወጣ ምስጢር በሹክሹክታ ነገሩን፤ የሻይ ማንቆርቆሪያ የያዘች ባለቤታችን ግን ሰምታ ሳቀች።

ጥይቶቻችን ወደ ላይ ስለ ሄዱበትም ምክንያት ተረዳን። የዚያ ዘመን የጦር ጠመንጃ ማነጣጠሪያ የተሠራው ለሩቅ ጦር ነው፤ የጀርመኑ የ1898 ሞዴል የመጀመሪያ ማነጣጠሪያ ከአራት መቶ ሜትር በታች ቁጥር አልነበረውም። እንዲህ ባለ መሣሪያ በመቶ ሜትር ላይ የወረቀቱን መካከል ያለመ ሰው ከራሱ በላይ ቢመታ ምን ይደንቃል? ከዚያ ወዲህ የወረቀቱን ግርጌ እናልማለን።

ይህ ሁሉ ሆኖ እንኳ ሃምሳ አለቃ ወደ ሜዳ ሲወስዱን ሌላ ነገር አስበው ነበር። «ዛሬ የማጎርሰው እኔ ነኝ፤ አንተ አትይ» አሉን። ሁለት ጊዜ ተኮስን። በሦስተኛው ቃታውን ስንስብ ድምፅ አልወጣም፤ ጠቅ ብቻ አለ። ያጎረሱን ባዶ ቀለሃ ኖሯል። አፈሙዙ ግን፣ ምንም ሳይተኮስ፣ አንድ ስንዝር ያህል ወደ ምድር ወረደ፤ ትከሻችንም ወደ ፊት ተወረወረ፤ ዐይናችንም ተጨፍኖ ነበር። የሰደፉን ብረት ምት ፈርተን ከምቱ በፊት እንሸሽ ኖሯል። በዚያ ሜዳ ላይ ከእርሳቸው በቀር ማንም ባይኖርም እንደዚያን ዕለት ያፈርንበት ቀን የለም። እርሳቸው ግን አልሳቁም። «ይኸ በቃታው ነው?» ብለው ብቻ ጠየቁን።

ከዚያ በኋላ ለሦስት ሳምንት ጥይት አላሳዩንም። ማታ ማታ ከሥራ ስንመለስ፣ ጠመንጃውን በአሸዋ በተሞላ ከረጢት ላይ አስደግፈን፣ ባዶ ቀለሃ አጉርሰን፣ ወደ ወፍራሙ የድንጋይ ግድግዳ አነጣጥረን እንለማመድ ነበር። በጓዳው ውስጥ ሙሉ ጥይት እንዳይገኝ፣ በአፈሙዙ ፊት ማንም እንዳያልፍ አጥብቀው አዘዋል። በአፈሙዙ አቅራቢያ ባለው እንጨት ላይ የአንድ ብር ሳንቲም ያስቀምጣሉ። ትንፋሽን ስቦ እኩሌታውን መተው፤ በዚያው ጊዜ የቃታውን የመጀመሪያ ጉዞ ወስዶ ግድግዳው ላይ መቆም፤ ዐይንን ከዒላማው ላይ አንሥቶ በፊተኛው ማነጣጠሪያ ላይ ማሳረፍ፤ ከዚያ በጣት ጫፍ ሥጋ ቀጥታ ወደ ኋላ መጭመቅ፤ ጠቅ ካለም በኋላ ጣትን ሳይለቁ ጥቂት መቆየት። እስከ ዐሥር ቆጥሮ ያልወጣ ተኩስ ይተዋል፤ ጣት ይለቀቃል፤ ትንፋሽ እንደገና ይጀመራል። ይህ የመጨረሻው ሥርዐት ለእኛ ከሁሉ ይልቅ ያስቸገረ ነው። የጀመርነውን ሳንፈጽም መተው እንደ ሽንፈት ስለሚታየን፣ ዐይናችን እየደከመ፣ ማነጣጠሪያው እየተንቀጠቀጠ በግድ ልናወጣው እንታገላለን። ሳንቲሙም ይወድቃል።

በመጀመሪያው ሳምንት ሳንቲሙ ከሃያ ጊዜ አሥራ ስምንት ጊዜ ወደቀ። የሚወድቅበትን ድምፅ የሰማው የእኅታችን ልጅ አንድ ማታ በበሩ ብቅ ብሎ ቆመ። አልገባም። በማግሥቱ እንደገና መጣ፤ በሦስተኛው ቀን መዝጊያው ተከፍቶ ባዶነቱን በራሱ ዐይን ካላየ እንደማይቀመጥ ነገረን። አሳየነው። ከዚያ ጀምሮ ልምምድ ከመጀመራችን በፊት ጠመንጃውን የሚፈትሸው እርሱ ሆነ፤ የወደቁትንና ያልወደቁትን ሳንቲሞችም በደብተሩ መጨረሻ ገጽ ላይ በመስመር ይመዘግባል። በሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ የመዘገበው ከሃያ ሁለት ብቻ ነበር። ቃታውን ማንም አልነካውም፤ ክብደቱም ያው ነው። እኛ ግን የክብደቱን ነገር ከረሳነው ቆይተን ነበር።

ወደ ሜዳ የወጣነው በአንድ ነፋስ በሌለበት የጥቅምት ማለዳ ነው። አምስት ጥይት ብቻ ይዘን ነበር። ልጁ፣ እናቱ ከብዙ ልመና በኋላ ፈቅዳለት፣ ከሃምሳ አለቃ ጋር ከኋላችን ሩቅ ቆመ። ተኩሱ አልቆ መዝጊያው ከተከፈተና እርሱ ራሱ አጎንብሶ ባዶነቱን ካየ በኋላ፣ ወደ ወረቀቱ ሮጠ። መዳፉን ዘርግቶ በቀዳዳዎቹ ላይ አሳረፈ፤ አራቱ ከመዳፉ ሥር ገቡ።

«ጋሼ» አለ ከሩቅ፣ «አንዷ ወጥታለች!»

«አራተኛዋ ናት» አልነው። ጥይቷ ከመውጣቷ በፊት ዐውቀናት ነበር፤ እስከ ዐሥራ ሁለት ቆጥረን ሳንተዋት የጨመቅናት እርሷን ነው።